አጥንትን ሥራ የማያስፈታ ፕሌት፦ ስለ ፖሊመር ኮምፖዚት የአጥንት ተከላዎች ለሕክምናና ለምህንድስና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች፤

ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፕሌቶች ተቀምጠዋል። አንደኛው የተሰበረ አጥንትን ለመግጠም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለገለው የአይዝጌ ብረት ፕሌት ነው። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ላዩ ልስልስ ያለ ሆኖ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው የሽመና ድርና ማግ የመሰለ የክር መስመር ይታይበታል፤ የተሠራውም ከካርቦን ክርና ከፕላስቲክ ነው። እየተቀባበላችሁ በእጃችሁ መዝኗቸው። መጠናቸው እኩል ሆኖ ሳለ ብረቱ ከጥቁሩ አምስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ዛሬ የመጣሁት ስለ ክብደት ልናገር አይደለም፤ ፕሌት በግራም የሚመዘን ዕቃ በመሆኑ የገባለት ሰው ክብደቱን ልብ አይለውም።

እግሩ ላይ ብረት የገባለት ሰው ሐኪሙን ደጋግሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ «ብረቱ መቼ ይወጣልኛል?» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ካላስቸገረህ ይቆይ የሚል ነው፤ መልሱም ትክክል ነው። ጥያቄው ግን ሞኝነት የለበትም። ጠያቂው ሳይንሱን ባያውቀውም፣ በሰውነቱ ውስጥ ከሰውነቱ ጋር የማይመሳሰል ነገር እንዳለ ይሰማዋል። የዚህ አለመመሳሰል ትክክለኛ ስሙ ግትርነት ነው።

ዕለታዊው አማርኛችን «ጠንካራ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ጠባዮችን አጣምሮ ይይዛል። ምህንድስና ግን ሁለቱን መለየት ግድ ይለዋል። ጥንካሬ ማለት አንድ ቁስ ሳይበጠስ ወይም ሳይሰበር የሚችለው የጭነት ልክ ሲሆን፣ ግትርነት ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት አልለጠጥም፣ አልታጠፍም የማለቱ ልክ ነው። ጠፍር ጠንካራ ነው፤ በሬ ቢስበው አይበጠስም፤ ግትር ግን አይደለም። የሸክላ ምጣድ በተቃራኒው ግትር ነው፤ ሲወድቅ ግን ዐመድ ይሆናል። ብረት ሁለቱንም አሟልቶ በመገኘቱ ለድልድይና ለሕንፃ ተመራጭ ሆነ፤ ችግሩ የመጣው ይኸው ጠባዩ እንዳለ ወደ ሰው አጥንት ሲገባ ነው። ግትርነት የሚለካው በጊጋፓስካል ነው። ድፍኑ የአጥንት ቅርፊት በቁመቱ ሲለካ ከ15 እስከ 20 ጊጋፓስካል ይደርሳል። ለተከላ የሚውለው የቲታኒየም ቅይጥ ወደ 110፣ አይዝጌ ብረት ወደ 200 ሲሆን የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ከ200 በላይ ነው። ስለዚህ የብረት ፕሌት ከአጥንት ጎን ሲታሰር ዐሥር እጥፍ ገደማ ከሚገትር ጎረቤት ጋር ማኖር ማለት ነው።

አጥንት ራሱ ምን እንደሆነ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ወጥ ቤት ይበቃል። የዶሮ እግር አጥንት አጥባችሁ ኮምጣጤ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ዘፍዝፉት፤ ኮምጣጤውንም አልፎ አልፎ ለውጡ። አሲዱ ማዕድኑን አሟሙቶ ሲጨርስ በእጃችሁ የሚቀረው ቅርጹን ያልለቀቀ፣ ግን እንደ ጎማ የሚታጠፍ ነገር ነው፤ ኮላጅን ይባላል፤ ተፈጥሮ የሠራችው ፖሊመር፣ ማለትም ከረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ቁስ ነው። ሌላውን አጥንት ደግሞ ፍም ውስጥ ከታችሁ በደንብ አቃጥሉት። አሁን የተቃጠለው ኮላጅኑ ነው፤ የሚቀረው ነጭ ማዕድን ቅርጹን ይዞ ቢቆይም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከሁለቱ አንዳቸውም ብቻቸውን ሰው አይሸከሙም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሯጭ ያስሮጣሉ። ኮምፖዚት የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው፦ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ቁሶች፣ ሳይሟሙና ማንነታቸውን ሳይለቁ ተያይዘው፣ ብቻቸውን የማይችሉትን ሲችሉ። የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ተረግጦ ይቦካል፤ ጭዱ ሲሳብ ይይዛል፣ ጭቃው ሲጫኑት ይችላል።

ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ሥራ አጥንት በሚያርፍበት ጭነት መሠረት ራሱን እንደሚያንጽ አስረዳ። ጭነት ሲበዛበት ይደነድናል፣ ሲቀርበት ይሳሳል። በአጥንት ውስጥ የሚገነቡና የሚያፈርሱ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ በሥራ ላይ ናቸው፤ ጭነት ከሌለ የአፍራሾቹ እጅ ይበረታል። ወራት በጠፈር ቆይተው የሚመለሱ ሰዎች አጥንታቸው ሳስቶ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ወደ ፕሌቱ እንመልሰውና ቀላል ስሌት እንሥራ። የፕሌቱ ወርድና ውፍረት ተባዝቶ የአጥንቱን ስፋት አንድ ስድስተኛ ያህላል እንበል፤ ሁለቱ አብረው ሲጫኑ እኩል ያጥራሉ እንበል፤ የአጥንቱንም ግትርነት 17 እናድርገው። የብረቱ 200 ለስድስት ሲካፈል 33 ይመጣል። ከ33 እና ከ17 ጭነቱን እንደየድርሻቸው ሲካፈሉ ሁለት ሦስተኛውን ብረቱ ይወስዳል፤ አጥንቱ ስድስት እጥፍ ሰፍቶ ሳለ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይደርሰዋል። ፕሌቱን ግትርነቱ 20 በሆነ ኮምፖዚት ብንለውጠው የፕሌቱ ድርሻ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሆንና የቀረው ሁሉ ለአጥንቱ ይመለሳል። በእርግጥ እግር ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፤ ሕይወት ያለው አካል እንዲህ ለስሌት አይመችም። መንገዱን ግን ያሳያል። በብረቱ ምክንያት አጥንት ሥራ ፈትቶ የሚሳሳበትን ይህን ሁኔታ ሐኪሞች የጭነት ከለላ ይሉታል። በተለይ በሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ፣ ዘንጉ በጭን አጥንት ውስጥ ጠልቆ ጭነቱን ወደ ታች ሲያሻግር፣ የላይኛው የአጥንት ክፍል በዓመታት ውስጥ ሲሳሳ በራጅ ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ የመሐንዲስ ጥፋት አንድ ምክንያት ካገኘ ሁሉንም በእርሱ ማስረዳቱ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ስቴፋን ፔረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቀረቡት ክርክር፣ ከፕሌት ሥር መጀመሪያ የሚታየው መሳሳት የመጣው ከጭነት መቅረት ይልቅ ፕሌቱ አጥንቱን ተጭኖ የደም ሥሮቹን በመዝጋቱ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ከዚህ በመነሳት ከሥሩ ተቦርቡሮ አጥንቱን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚነካ ፕሌት ተሠራ፤ ቁሱ ያው ብረት ሆኖ ቅርጹ ተለወጠ። ስለዚህ ኮምፖዚት የሚመርጥ ሰው የትኛውን ችግር ሊፈታበት እንደፈለገ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል። አጥንት ላይ ተለጥፎ ደም የሚከለክል ፕሌት፣ ከካርቦንም ይሠራ ከወርቅ፣ ያው ደም ይከለክላል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ፕሌት ልመለስ። ክሮቹን አቅፎ የያዘው ፕላስቲክ ፒክ ይባላል። አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 አካባቢ የሠራው ሲሆን የሚቀልጠው በ343 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በሆስፒታል የእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ደጋግሞ ቢገባ አይጎዳም፤ በሰውነት ፈሳሽም አይበላም። ብቻውን ግን ግትርነቱ ከ4 ጊጋፓስካል አይበልጥም፤ ከአጥንትም ያነሰ ነው። በክብደቱ 30 በመቶ የተቆራረጠ የካርቦን ክር ሲቀላቀልበት ወደ 20 ይጠጋል፤ ክሩ ሳይቆረጥ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ ሲገባ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ከ100 ያልፋል። የኮምፖዚት ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ነው። የብረት ግትርነት አብሮት የተወለደ ነው፤ ብታሞቀው፣ ብትቀጠቅጠው ጥንካሬው ይለወጥ እንደሆነ እንጂ ግትርነቱ ብዙም አይነቃነቅም። በኮምፖዚት ግን ግትርነቱን የሚወስነው ንድፍ አውጪው ነው፤ የክሩን መጠን፣ ርዝመትና አቅጣጫ መርጦ።

አቅጣጫው ዕዳም ነው። እንጨት የፈለጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ግንዱን በቁመቱ የመታው መጥረቢያ በአንድ ምት ይሰነጥቀዋል፤ በአግድሙ የመታው ግን ሲያላብ ይውላል። የክር ኮምፖዚትም እንዲሁ በክሩ መስመር ብርቱ፣ በአግድሙ ደካማ ነው። ሰው ደግሞ ሲራመድ ብቻ ሳይሆን ሲዞርም እግሩን ይጠመዝዛል። ለዚህ ሲባል ክሮቹ በንብርብር ይደረደራሉ፤ አንዱ ንብርብር በቁመት፣ ሌላው በ45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ጥቁሩን ፕሌት ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ብታዩት በጎኑ ላይ እነዚህን ንብርብሮች መቁጠር ትችላላችሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወረቀት ላይ ያምራል። የዚህ ዘርፍ ታሪክ ግን ወረቀት ላይ ባማሩና በሰው አካል ውስጥ በከሸፉ ሐሳቦች የተሞላ ነው፤ እነዚህን ሳያውቅ ወደ ዘርፉ የሚገባ ተማሪ ስሕተቱን እንደገና ይከፍልበታል ብዬ ስለምሰጋ እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ እናገራለሁ።

እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ፣ በላንካሺር በሚገኘው ራይቲንግተን ሆስፒታል፣ የዳሌ መገጣጠሚያን መተካት ሲጀምር ለጽዋው፣ ማለትም የብረቱ ራስ ለሚዞርበት ጎድጓዳ ክፍል፣ የመረጠው ቴፍሎን ነበር፤ መጥበሻ ላይ የምናውቀው ያ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ነው። ወደ 300 ለሚጠጉ ሰዎች ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጽዋው ተፋቀ፤ የተፋቀው ብናኝም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ቻርንሊ የቁሱን ጠባይ ለማረጋገጥ ናሙናውን በገዛ ጭኑ ውስጥ እስከ መትከል የደረሰ ሰው ነበር። ከዚያ የሞከረው ለእኛ ርዕስ ይበልጥ ይቀርባል፦ ቴፍሎኑን የሚያጠነክር ማዕድን የተጨመረበት ኮምፖዚት። ቁስ እየታሸ ምን ያህል እንደሚፋቅ በሚለካው የላቦራቶሪ መፋቂያ ማሽን ላይ ከንጹሑ ቴፍሎን እጅግ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ በሰው ውስጥ ግን አልተሻለም፤ ይባስ ብሎ የተጨመረው ማዕድን እንደ ሞረድ ሆኖ የብረቱን ራስ ይፍቅ ጀመር። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ለሌላ ዓይነት የማሽን ክፍል የሚሸጥ ፕላስቲክ፣ እጅግ ረዣዥም ሰንሰለት ያለው ፖሊኢቲሊን፣ በአንድ ሻጭ እጅ ወደ ሆስፒታሉ ደረሰ። ቻርንሊ ናቀው። የወርክሾፑ ባለሙያ ሃሪ ክሬቨን ግን መፋቂያው ላይ ጭኖ ለሦስት ሳምንታት ቀንና ሌሊት አስኬደው፤ በሦስት ሳምንት የተፋቀው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚፋቀው ያነሰ ሆነ። ያ ፕላስቲክ፣ ብዙ ማሻሻያ ተደርጎለት፣ ዛሬም በዳሌና በጉልበት መገጣጠሚያዎች ውስጥ አለ።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ ፖሊኢቲሊን በካርቦን ክር ብናጠናክረውስ የሚል ሐሳብ መጣ። ከላይ እንዳየነው ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ ምርቱም ገበያ ገብቶ በጉልበትና በዳሌ ውስጥ ተተከለ። ፖሊኢቲሊን ግን ከማንም ጋር የማይጣበቅ ፕላስቲክ በመሆኑ ክሩ በያዡ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ባዕድ ተቀመጠ፤ ስንጥቅ ሲጀምር የሚያቆመው ሳይሆን መንገድ የሚያሳየው ሆነ፣ ክሮቹም ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ይረግፉ ነበር። ቁሱ ከአገልግሎት ወጣ። በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ የብረት ዘንግ መሐሉ ገብቶ ውጪው በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ እንደ አጥንት ይለጠጣል የተባለ የዳሌ ዘንግ ተሠርቶ ነበር፤ እርሱ ደግሞ የከሸፈው አለመጠን ተለጥጦ ነው። ዘንጉና አጥንቱ ሲተሻሹ አጥንቱ ሊይዘው አልቻለም፤ ብዙዎቹም ላልተው ወጡ። ከእነዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ኮምፖዚት የሚሞተው በመገናኛው ላይ ነው። ክሩ ከፕላስቲኩ በሚገናኝበት ወይም ተከላው ከአጥንቱ በሚገናኝበት። የክሩን ጥንካሬ በሚያምር ሠንጠረዥ የሚያሳየኝ ሰው ሲመጣ ስለ መገናኛው አስቀድሜ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ፒክ የተሻለ ዕድል ያገኘው በአከርካሪ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጎዳ ዲስክ በወጣበት ቦታ የሚገባ፣ መሐሉ ክፍት ሆኖ የአጥንት ፍርፋሪ የሚሞላበት ትንሽ ሣጥን ከካርቦን ክርና ከዚሁ የፕላስቲክ ቤተሰብ ተሠራ። ከብረት ሣጥን ይልቅ የተወደደበት ዋናው ምክንያት ራጅ ነው። ካርቦን ቀላል አቶም በመሆኑ የራጅ ጨረር ያሳልፋል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ አዲስ አጥንት መብቀል አለመብቀሉን ሐኪሙ በዓይኑ ያያል። እንዲያውም ሣጥኑ ራሱ ስለማይታይ የት እንዳለ እንዲታወቅ ታንታለም ከተባለ ብረት የተሠሩ ትንንሽ ነጥቦች ይቀበሩበታል።

ይኸው ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የአጥንት ካንሰር ላለበት ሰው ነው። ዕጢ የበላው የጭን አጥንት እንዳይሰበር በመቅኔው ቦይ ውስጥ ዘንግ ይገባለታል፤ ከዚያ የጨረር ሕክምና ይከተላል። ዘንጉ ብረት ሲሆን በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ ምስል ላይ ነጭና ጥቁር ጨረር የመሰለ ብልሽት ይፈጥርና ዕጢው ተመልሶ መምጣቱን ይሸፍናል፤ የሚሰጠውን ጨረርም ስለሚበትን መጠኑን ማስላት ያስቸግራል። የካርቦን ክርና የፒክ ዘንግ ይህን ሁሉ ያቀላል። ለእኔ፣ ዋጋው ውድ መሆኑ እየታወቀ፣ ኮምፖዚት ያለ ክርክር የሚመረጥበት ቦታ ይህ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የብረት ፕሌት ከአጥንቱ ጠመዝማዛ ጋር ካልገጠመ ሐኪሙ ማጠፊያ አንስቶ እዚያው ያስተካክለዋል። ጥቁሩን ፕሌት ግን እንዲሁ አታጥፉትም፤ ከፋብሪካ በወጣበት ቅርጽ ይገባል፣ ካልገጠመ ሌላ ይመረጣል። ብሎኖቹም በአብዛኛው ቲታኒየም ናቸው፤ የብሎን ጥርስ ለኮምፖዚት አይመቸውም። በምላሹ ብሎኑና ፕሌቱ ሁለት የተለያዩ ቁሶች ስለሆኑ፣ ቲታኒየም በቲታኒየም ላይ ተጣብቆ አልወጣ የሚልበት የማውጫ ቀን ራስ ምታት ይቀራል። ሌላው ፒክ አጥንት የማይቀርበው መሆኑ ነው፤ አይጎዳውም፣ ግን አያቅፈውም። ላዩን በቲታኒየም መሸፈን፣ ባለ ቀዳዳ ማድረግ ወይም የአጥንቱን ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይትን መቀላቀል የተለመዱ መንገዶች ናቸው። የመጨረሻውን ሐሳብ በለንደን ዊልያም ቦንፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በፖሊኢቲሊን ላይ ሠርቶበት፣ በይዘቱ 40 በመቶ ማዕድን ያለው ቁስ ለመካከለኛው ጆሮ ተከላ ውሏል፤ ጭነት የሌለበት ቦታ መሆኑን ልብ በሉ። ፊንላንዳውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ቁርጭምጭሚትን በሚሟሟ ፖሊመር ዘንግ መግጠም ጀምረዋል። «መቼ ይወጣል?» ለሚለው ጥያቄ ራሱ ይጠፋል የሚል መልስ የሰጡት እነርሱ ናቸው፤ ሆኖም ቁሱ ሲሟሟ በአንዳንዶች ላይ ያለ ኢንፌክሽን ፈሳሽ የሚያወጣ ቁስል አስከትሏል።

በአገራችን በመኪና አደጋ የጭን አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ኮምፖዚት ላምጣልህ አልለውም። በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎች የሚገባው ሳይን የሚባለው ድፍን የአይዝጌ ብረት ዘንግ፣ መሠረቱን በአሜሪካ ባደረገ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለታካሚው በነፃ የሚደርስ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ያለ ተንቀሳቃሽ ራጅ ዘንጉን በብሎን ከአጥንቱ ጋር መቆለፍ እንዲቻል ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ የንድፍ ብልሃት ከቁሱ ይበልጣል። የጭነት ከለላ የሚያሳስበው እግሩ ከዳነ በኋላ ነው፤ እግሩን ሳያድን ቀርቶ ስለ መሳሳቱ የሚጨነቅ የለም።

ከመግባቴ በፊት አንዲት ተማሪ በወረቀት ጽፋ የሰጠችኝን ጥያቄ መልሼ ላብቃ። «ወጌሻ ስብራት የሚያስረው በቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃ ራሱ የክር ኮምፖዚት ከሆነ፣ ከእንሰት ቃጫ በአገር ውስጥ ተከላ መሥራት አይቻልም ወይ?» ትላለች። ስለ ቀርከሃው ትክክል ነሽ፤ ክሮቹ በቁመት የተደረደሩበት ኮምፖዚት ነው፤ ቀላልና ልክ ያለው ግትርነት ያለው በመሆኑም ለመደገፊያ ይሆናል። ከወጌሻ ቤት መጥተው እግራቸው ለሚቆረጥ ሕፃናት ምክንያቱ ቀርከሃው ሳይሆን የማሰሪያው መጥበቅ ነው፤ ደም ይታገዳል። ቃጫን በሚመለከት፣ የዕፅዋት ክር ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከያዡ ፕላስቲክ ይላቀቃል፤ የሰው አካል ደግሞ በ37 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውሃ ነው። ስለዚህ ከቆዳ በላይ ላለ መደገፊያና ለሰው ሠራሽ እግር ማቀፊያ ተስፋ አለው፤ ከቆዳ በታች ግን አላስገባውም። መጀመር ከፈለግሽ ናሙናሽን ግማሹን በደረቁ፣ ግማሹን አንድ ወር በሞቀ የጨው ውሃ ከዘፈዘፍሽው በኋላ አጥፈሽ ስበሪው፤ የተሰበረውንም ፊት በማጉያ መነጽር እዪው። ክሮቹ ከፕላስቲኩ ጋር እኩል ተቆርጠው ከታዩ መገናኛው ይዟል፤ እንደ ተነቀለ ሣር ረዝመው ከወጡ አልያዘም።